በሰሌኑ ላይ ያልነበረው ድንጋይ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ መብረቅ ይምታኝ፤ መብረቁ ቢስተኝ እንኳ ኋላ የምታገኟት እትዬ ካም አትስተኝም፤ እሷ ከመብረቅ ይልቅ ዒላማ ታውቃለች። አላምንም የሚል ሰው ካለ ወደ ባይ ትራም ይውረድ፤ ባሕሩ ዳር ያለውን ቤተ መቅደስ አስከፍቶ አጥንቱን በዓይኑ ይይ። ወሬ ፈጥሬ አውቅ ይሆናል፤ አጥንት ግን ፈጥሬ አላውቅም።

ኪየም በደጋው ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚያለማ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ልጆቹን ሁሉ ድሮና ኩሎ የጨረሰ ሰው ነው። ጥንቃቄው ለጉድ ነበር። ዶሮ ሊያርድ ሲነሳ ዶሮዋን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቃት ይመስል ነበር። ጎረቤት ሊጠይቅ መንገድ ሲሻገር እንኳ ስንቅ ይይዛል ብለው ያሙታል፤ ይህንን እኔ አላየሁም፣ ሰምቼ ነው።

ይህ ጠንቃቃ ሰው ግን ቤቱ በዓሣ መረቅ ተሞልቶ ነበር። በድስት፣ በገንቦ፣ በጠርሙስ፣ ከአልጋው ሥር ሳይቀር። በዚያ መረቅ ላይ ጀልባ ይንሳፈፍ ነበር። ምክንያቱ ሉየን ናት። ሉየን ባሏን ባሕር የወሰደባት የባይ ትራም ሴት ስትሆን፣ መረቅ በሞተር ብስክሌት ጭና ወደ ደጋው እየወጣች ትሸጣለች። ስታሾፍ አንደኛው ቅንድቧ ብቻውን ይነሳል። ኪየም ያንን ቅንድብ ለማየት ሲል ነበር እየገዛ የሚከምረው።

አንድ ቀን ሉየን የመጨረሻውን ጠርሙስ አስረክባው ስታበቃ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ጋሽ ኪየም፣ ይህንን ሁሉ መረቅ ይጠጡታል ወይስ ገላዎን ይታጠቡበታል?»

«ሩዝ እበላበታለሁ» አለ ኪየም፣ ጆሮው ቀልቶ።

«በዚህስ የአገሩ ሩዝ ሁሉ ይበላል። እውነቱን ይንገሩኝ፤ የፈለጉት መረቁን ነው ሻጭዋን?»

ኪየም የያዘውን ጠርሙስ አጥብቆ አቀፈ። ሉየን የራስ ቁሯን አጠለቀች።

«ሻጭዋን ከሆነ ታች ወንድም አላት። ወርደው ይጠይቁት። እኔ እንደ ጠርሙስ ደጅዎ ላይ ተራግፌ አልቀርም።»

ሞተሩን አስነስታ ሄደች። ኪየም ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጉዞ መዘጋጀት ያዘ። ግን ሽማግሌ ይዤ ሚስት ልጠይቅ ነው ማለት አፈረ፤ በዚያ ዕድሜው መንደሩ መሳቂያ ያደርገዋል። ስለዚህ «ባሕር ለማየት ነው የምወርደው» አለ። ባሕር ማየት የማንንም ስም አያጠፋም።

ችግሩ፣ ሽምግልና ብቻውን አይሄድም። ሁለቱም በሕይወት ያሉ፣ ወንድም ሴትም የወለዱ ባልና ሚስት ካልመሩት አይሰምርም ይባላል። በመንደሩ ይህንን የሚያሟሉ፣ በዚያ ላይ ሚኒባስ ያላቸው፣ ኩየትና ሚስቱ ካም ነበሩ። ሁሉንም ያሟላሉ፤ የጎደላቸው መስማማት ብቻ ነው።

ኪየም ሁለቱን ጠርቶ ቁንዶ በርበሬ የሚያሰጣበትን ሰሌን ግቢው ላይ ዘረጋ። የሻይ ማንቆርቆሪያውን አንድ ጥግ ላይ አቆመ።

«ይህ ለመርከብ የሚያበራው መብራት ቤት ነው።»

ትንንሽ ሳህኖች ደራርቦ ከጎኑ አስቀመጠ። «ይህ እንደ ሳህን የተደረደረው ጥቁር ድንጋይ።» የፊት መታጠቢያውን ሳፋ ጎተተ። «ይህ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር ምግብ የሚለቀምበት ሐይቅ።» ከዚያ የግራ እግሩን ነጠላ ጫማ አውልቆ በሰሌኑ ላይ እያንፏቀቀ፣ «ይህ ደግሞ የኩየት ሚኒባስ ነው፤ እንዲህ አድርጎ ይወርድና እዚህ ጋ ይታጠፋል» አለ።

«የኔ ሚኒባስ እንደዚህ አይሸትም» አለ ኩየት።

«ይሸታል» አለች ካም።

ኪየም ጫማውን ከማንቆርቆሪያው ወደ ሳህኖቹ፣ ከሳህኖቹ ወደ ሳፋው አንሸራሸረ። የት ቁርስ እንደሚበሉ፣ ካም ሲያጥወለውላት የምታሸተው የመንደሪን ልጣጭ በየትኛው ኪስ እንደሚቀመጥ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ማለዳ ባሕር ገብተው መቼ እንደሚወጡ፣ ሁሉንም ተናገረ። ካም ግን ዓይኗ ከሰሌኑ ዳር አልተነሳም። እዚያ አንዲት የበሰለች ቀይ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ይህቺስ ፍሬ?»

«እ... ጊዜ ከተረፈ ሰላም የምንልባት ቤት ናት።»

«የማን ቤት?»

«የጋሽ ቶአይ።»

«የሉየን ወንድም!» ካም ጭኗን መታች። «አንተ ሰውዬ! እኔ ደግሞ ይህ ሁሉ መረቅ ለምኑ ነው እላለሁ! ጊዜ ከተረፈ ይላል እንዴ! ጫማህን እዚህች ፍሬ ላይ አቁመውና ሌላውን ጊዜ ከተረፈ እናየዋለን።»

«እኔ ልዋኝ መስሎኝ ነበር» አለ ኩየት። «ለካ ለሽምግልና ነው የተጠራሁት።»

«አንተ ቆመህ ራስህን ትነቀንቃለህ፤ እኔ እናገራለሁ» አለችው ሚስቱ።

የቀረው ቀን መምረጥ ነበር። ጨረቃ በገባች በሰባት ቀን ለመንገድ አትውጣ፣ በሦስት ቀን አትመለስ የሚለውን የመንደሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካም ጨረቃዋ ሰባት ስትሞላ እንሂድ ብላ ነበር፤ ኪየም ግን እንደ ተነደፈ ሰው ዘለለ። በስምንትም አይሆንም፤ ስምንት ለሰባት ቅርብ ነው። በመጨረሻ በስድስት ይሁን ተባለ። ከሰባት ለመሸሽ ሲሉ ወደ ስድስት ሄዱ፤ ያች አንድ ቀን ናት ነገሩን ሁሉ ያመጣችው።

በስድስተኛው ቀን ሚኒባሱ ወረደ። ሲታኘክ አፍ የሚያቀላው፣ ለሽምግልና የሚቀርበው ቅጠልና ፍሬ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ በኪየም ጭን ላይ ነው። ካም መንገዱን ሁሉ የመንደሪን ልጣጯን አፍንጫዋ ላይ እንደ ያዘች ባሏን ስትሰድብ ወረደች። ከኋላ የኩየት ተዋጊ አውራ ዶሮ አለ፤ «እኔ ሳልኖር ይከፋዋል» ብሎ ነው ያመጣው።

ባይ ትራም ሲደርሱ መሽቷል። በዚያች ምሽት የጋሽ ቶአይ ሁለት ወንዶች ልጆች ጀልባ ይዘው መውጣታቸው ነበር። ጋሽ ቶአይ ትከሻው ሰፊ፣ በማዕበል ላይ ሲጮህ ኖሮ ቤት ውስጥም ቀስ ብሎ መናገር የረሳ፣ የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ነው። እንግዶቹን በወግ ተቀበለ፤ ገበታ ቀረበ። የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ፣ የሩዝ ቂጣ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የሉየን መረቅ። ሉየን ከጓዳ ወጣ ገባ ትላለች፤ ቅንድቧ አርፏል፤ ፈርታለች ማለት ነው።

ሁሉም በደንብ ይሄድ ነበር። ካም ስለ ኪየም ትመሰክራለች፤ ኩየት ይነቀንቃል። የዓሣው የላይኛው ጎን አለቀ። ኪየም፣ ለጋሽ ቶአይ ያልተነካውን ጎን ልስጠው ብሎ፣ በመብያ እንጨቱ ዓሣውን አንስቶ ቀስ አድርጎ ገለበጠው።

የሁሉም እጅ ከገበታው ተነሳ። ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

«ጋሽ ኪየም» አለ ቶአይ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኛ ከላይ ያለውን በልተን አጥንቱን እናነሳለን፤ ከዚያ ከሥር ያለውን እንበላለን። ዓሣ አንገለብጥም። ገበታ ላይ የተገለበጠ ዓሣ ባሕር ላይ የተገለበጠ ጀልባ ነው። ልጆቼ አሁን ባሕር ላይ ናቸው።»

«ኧረ ጋሼ፣ እሱ እኮ ለክብርዎ ብሎ ነው!» አለች ካም።

«እኛ ደጋ ላይ ጀልባ የለንም» አለ ኩየት፤ እንዲናገር ማንም አልጠየቀውም። «የምንገለብጠው ቂጣ ብቻ ነው።»

ቶአይ በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ወደ ኪየም መለሰ። «አልጋ ተነጥፎላችኋል፤ እደሩ። ነገ መብራት ቤቱን አይታችሁ በሰላም ግቡ። እህቴን ግን ባሕርን ለማያውቅ ሰው አልሰጥም። አንድ ጊዜ ባሕር ባል ወስዶባታል።»

ኪየም ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳሳለፋት አልነግራችሁም፤ ንፋሱ ግን ጣሪያውን ሲያናውጥ አደረ። ጎህ ሲቀድ የኩየት ዶሮ ጮኸ። ኪየም ተነሳና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሌላው ቢቀር፣ ባሕር አየሁ ብዬ ልመለስ፣ እግሬን እንኳ ልንከር አለ።

አሸዋው ላይ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ተጋድሟል። ከኩየት ሚኒባስ ይበልጣል። ኪየም ቆሞ ተቆጣ።

«ይህንን ድንጋይ ሰሌኑ ላይ አላስቀመጥኩትም» አለ። ያን ያህል አስቦ፣ ማንቆርቆሪያ ሳይቀር አቁሞ፣ ይህንን የሚያህል ድንጋይ እንዴት ይረሳል? አንደኛው ጫፉ ዝቅና ጠፍጠፍ ብሏል። ኮፍያውን ወጣ ባለ ነገር ላይ ሰቀለ፤ ጫማውን አወለቀና ጠፍጣፋው ላይ ተቀመጠ። ለድንጋይ ትንሽ ይለሰልሳል። የባሕር ድንጋይ እንዲህ ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከዚያ የሆዱን ሁሉ ነገረው። «ድንጋይ ሆይ» አለ፣ «ዓሣ ገለበጥኩ። ሁሉን አስቤ ነበር፤ ዓሣ አልገለብጥም ብሎ የሚያስብ ማነው? ቅንድቧን እኮ አላየኸውም።» ድንጋዩ ዝም ብሎ ሰማው።

«ጋሽ ኪየም!»

ሉየን ናት። እሷም አልተኛችም። አሸዋው ላይ ራቅ ብላ ቆማለች።

«ምን ላይ ነው የተቀመጡት?»

«ድንጋይ ላይ።»

«ድንጋይ ጅራት አለው እንዴ?»

ኪየም ዝቅ ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ኮፍያውን የሰቀለበትን አየ፤ ክንፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ዓይን አለ፤ የተከደነ፣ ከሻይ ሲኒ የማይበልጥ።

«ተነስ!» ብላ ጮኸች ሉየን። «ኪየም፣ ተነስ! አባባ ናቸው!» እርስዎ ማለቷን ባሕሩ ወሰደው፤ ከዚያ ወዲህም አልመለሰውም።

የባይ ትራም ሰዎች ዓሣ ነባሪን በስሙ አይጠሩም። አባባ ይላሉ፤ በማዕበል ውስጥ ጀልባ የሚደግፍ እሱ ነውና። ኪየም ተፈናጥሮ ወርዶ አሸዋው ላይ ተንበረከከ። አባባ ሞተዋል።

«ከአንተ በፊት ያገኛቸው ሰው አለ?» አለች ሉየን።

«እኔ ስመጣ ማንም የለም።»

ሉየን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አልቆልናል። አባባን መጀመሪያ ያገኘ ሰው የበኩር ልጃቸው ነው። የሐዘን ጨርቅ ታስሮለት እንደ ወለደው አባቱ ሦስት ዓመት ያዝናል። ሐዘንተኛ ደግሞ አያገባም።» ከዚያ ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማንም አላየህም። ሂድ፣ ገብተህ ተኛ። ሌላ ሰው ያግኛቸው።»

ኪየም አንድ ጫማ አጠለቀ። ሁለተኛውን በእጁ ይዞ ትንሽ ሄደ። ኮፍያውን ስለረሳ ተመለሰ። ኮፍያውን ከክንፉ ላይ ሲያነሳ ግን እጁ እዚያው ቀረ።

«ሉየን» አለ፣ «ጅራታቸው ላይ ተቀምጬ ችግሬን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። የወለደኝ አባቴ እንኳ አንድ ቀን እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም። ብቻቸውን ጥያቸው ልሂድ? ሰው አባቱን አሸዋ ላይ ጥሎ ይሄዳል?»

ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ እሷ ዞረ።

«ሦስት ዓመት ትጠብቂኛለሽ?»

ሉየን ወደ ባሕሩ ዞረች። ማዕበሉ መጣ፣ ተመለሰ። እንደገና መጣ። ከባሕሩ ጠርዝ አንድ ጀልባ ብቅ አለ፤ ከኋላው ሌላ። ኪየም ልቡ እስክትፈርስ ጠበቀ።

«አልጠብቅም» አለች በመጨረሻ።

ኪየም አንገቱን ደፋ።

«ለምን እጠብቃለሁ? ጨርቁ ግንባርህ ላይ እስኪታሰር ድረስ ሐዘንተኛ አይደለህም። ሰው ሐዘን ሊገባ ሲል ተሯሩጦ ሠርጉን ያስቀድም የለ? የእኔ አክስት አማቷ አልጋ ላይ ሞተው፣ መገነዣው ሳይቀርብ ነው ያገባችው። በል አሁን ጩኽ! ጠዋት እኮ ነው፣ ሠርግ እንሠራለን!»

ኪየም ጮኸ። እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳለው እሱም አያውቅም ነበር። ደጋ ድረስ ተሰማ የሚሉ አሉ፤ እኔ እስከ መብራት ቤቱ ብቻ ነው የምመሰክረው። የቤተ መቅደሱ ከበሮ ተመታ፤ ሰፈሩ እንዳለ ወጣ። ጋሽ ቶአይ እየሮጠ መጥቶ አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፋ። ሲነሳ ዓይኑ እንባ አቅሯል።

«ማነው ያገኛቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኪየም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጀመሪያ ተቀምጬባቸው ነበር።»

በዚህ መሃል ጀልባዎቹ ደረሱ። የቶአይ ልጆች ዘለው ወረዱ፤ ቆዳቸው ጨው ሆኗል፤ ግን ሙሉ ናቸው። ትልቁ አባባን ሲያይ አሸዋው ላይ ተንበረከከ።

«አባዬ፣ ሌሊት ነፋሱ ጀልባችንን አጋድሞት ነበር» አለ። «ሊገለበጥ ሲል አንድ ትልቅ ጀርባ ከሥር መጥቶ ደገፈን። ቀና እስክንል አልለቀቀንም።»

ቶአይ ልጁን አየ፣ አባባን አየ፣ ከዚያ ባለ አንድ ጫማውን ኪየምን አየ። ወደ ቤተ መቅደሱ ገብቶ የሐዘን ጨርቁን ይዞ ወጣ። ግንባሩ ላይ ሊያስርለት ሲጠጋ ሉየን እጁን ያዘችው።

«ጨርቁን አቆየው፣ ጋሼ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከታሰረ ሦስት ዓመት ነው። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት መረቅ እየጠመቅኩ አልቀመጥም።»

ሰፈሩ ተንጫጫ። ካም የመንደሪን ልጣጯን ጥላ ወደ ፊት ልትገፋ ስትል፣ የሚነቀንቀው ኩየት ቀደማት። በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለውን ይዞ ነው የመጣው። «ጋሽ ቶአይ» አለ፣ «ማታ ባሕርን የማያውቅ ሰው ብለው መለሱን። ልክ ነበሩ። ዛሬ ግን ባሕሩ ራሱ ያውቀዋል። እኛ የመጣነው የአንድ ቁንዶ በርበሬ ገበሬ ሽማግሌ ሆነን ነበር፤ አሁን የቆምነው የአባባ በኩር ልጅ ሽማግሌ ሆነን ነው።»

ካም ባሏን አፏን ከፍታ አየችው። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ያልተሰደበባት ብቸኛ ቀን ያቺ ናት።

ቶአይ የሐዘን ጨርቁን በእጁ አገላበጠ። «አባባ ልጄ ያሉትን እኔ ማነኝና አላውቀውም እላለሁ?» አለ። ቀዩን ጥቅልል ተቀበለ። «በሉ ፍጠኑ! ፀሐይ ሳትወጣባቸው! አባባ ይጠብቁናል!»

እንዲያ ያለ ሠርግ ባይ ትራም አይታ አታውቅም። ሙሽራዋ የጎረቤት ቀሚስ ለበሰች፤ ትንሽ ጠበባት። ሙሽራው ሁለተኛ ጫማውን ፈልጎ ስላጣው አንዱን አውልቆ በባዶ እግሩ ቆመ። ለወላጆች መስገድ ሲደርስ ሁሉም ተያየ፤ የኪየም ወላጆች ድሮ ሞተዋል፤ ከወንዱ በኩል ማን ይሰገድለታል? ካም ናት ያገኘችው። «አባቱ እዚያ ተኝተውልህ የለ!» ብላ ጮኸች። ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ አሸዋው ወረዱና ከአባባ ፊት ሰገዱ። እኔ ነኝ የሚል የሙሽራ አባት ሁሉ እንዲያ ባለ ግርማ ተኝቶ ምርቃት አይሰጥም።

ከዚያ ገበታ ቀረበ፤ ዓሣ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ መብላቱን ትቶ የኪየምን መብያ እንጨት ያይ ጀመር። ኪየም የላይኛውን ጎን በላ። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ አጥንቱን ከራስ እስከ ጅራት እንደ መጋረጃ ገለጠው፤ ዓሣው ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ቶአይ «ይኸው!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ አንድ ሳህን ተገለበጠ፤ ሳህን ግን ምንም አይደለም።

ከገበታ ሲነሱ ጨርቁ ታሰረ። ኪየም ሚስቱን በግራው፣ ሐዘኑን በግንባሩ ይዞ፣ በኩር ልጅ እንደሚያደርገው አባቱን በሩዝ አረቄ አጥቦ ቀበረ። ሦስቱንም ዓመት በወጉ አዘነ፤ ደስ እያለው የሚያዝን ሰው ካያችሁ እሱ ነው። ሐዘኑ ሲያበቃ የአባባን አጥንት አውጥቶ ቤተ መቅደሱ አስገባ። መብራት ቤቱን፣ እንደ ሳህን የተደረደረውን ድንጋይና ሐይቁን እስከ ዛሬ አላየም። ቁንዶ በርበሬው ሲደርስ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ሰሌኑን ዘርግቶ ማንቆርቆሪያውን ያቆምና «ዘንድሮ እንኳ እንሂድ» ይላል። ሉየንም ቅንድቧን አንስታ «ጊዜ ከተረፈ» ትለዋለች።

ታሪኩ ይኸው ነው። አጥንቱ አለ፤ ሄዳችሁ እዩ። የአባባ ጀርባ ጀልባ ደግፏል፤ የቶአይን ልጆች ጠይቁ። አንድ ነገር ብቻ ግን ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ሉየን በዚያች ማለዳ ወደ ባሕሩ ዞራ ዝም ያለችበትን። ማዕበሉ መጣ፣ ተመለሰ ያልኩትን። እሱ የኔ ነው፤ ለሰውየው ክብር ብዬ ያስገባሁት። ዝምም አላለች፣ ዞራም አታውቅ። ኪየም ጥያቄውን ጠይቆ አልጨረሰም፤ «ሦስት ዓመት» ብሎ ገና አፉን ሳይዘጋ ነው «አልጠብቅም» ያለችው።